ዋንዛውን ከማስቆረጥሽ በፊት

ሰሞኑን አንዲት የቦንጋ ልጅ ጠየቀችኝ። «የአባቴ ግቢ የዋንዛ ጥላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ የሚያብብ ነገር መትከል እፈልጋለሁ። ዛፉን ላስቆርጠው?» ልጄ፣ ቡና አገር ላይ ሆነሽ ነው ይህን የምትጠይቂኝ! ቡና ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ጥላ የለመደ ቁጥቋጦ ነው። ሲያብብ ደግሞ ሽታው ግቢውን ያውደዋል።

ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። የግብርና ሥራ ስጀምር አጋሮ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ተከራይቼ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ ሰሳና ብርብራ የሚባሉ የጥላ ዛፎች ነበሩ፤ ከሥራቸው ቡና። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ሳምንት አለፍ ሲል አበባው ይፈነዳል። ግቢው በረዶ የጣለበት ይመስላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይረግፋል። በእነዚያ ቀናት ቡና የሚያፈሉት ውጭ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራሉ። ቡና በጨው የለመድኩት እዚያ ነው፤ እስከ ዛሬ ስኳር አልወድም።

ልጃቸው ከከተማ መጣና «ጥላው ምርት ይቀንሳል» ብሎ ዛፎቹን አስቆረጠ። ሐሰት አልተናገረም። ፀሐይ ያገኘ ቡና ብዙ ያብባል። በቀጣዩ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። መንደሩ ጉድ አለ። ቡና ግን ከአቅሙ በላይ ሲይዝ ፍሬውን አራግፎ ሸክሙን አያቀልም። ለቅጠሉና ለሥሩ የሚሆነውን ፍሬው ጨረሰው። ከለቀማ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ። በዓመቱ አበባ የሚባል ነገር አልታየም። እሳቸውም ጀበናቸውን ወደ ቤት አስገቡ። ብርብራ እንደገና ተከልንላቸው። ጥላው ሳይደርስላቸው አረፉ። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

የዛሬ ልጆች የተከላችሁት ነገ እንዲያብብ ትፈልጋላችሁ። ቡና ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ በእኛ ጊዜ ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቅ ወጣት እምብዛም አላየሁም።

ስለ ጉድጓድና ስለ ውሃ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ከዛፉ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ብቻ መልምሉ፤ ብርሃን ተቆራርጦ ይግባ። የረገፈውን ቅጠል አታቃጥሉ፤ ከቡናው ሥር አልብሱት። ግቢያችሁ ባዶ ከሆነ ብርብራ ትከሉ። እሱ እስኪያድግ እንሰት ወይም ሙዝ ጥላ ይሁናችሁ። ዛፍ አትቁረጡ ማለቴ ባሕር ዛፍን አይጨምርም። እሱን ቁረጡት፤ ውሃውን ከቡናው ይሻማል።

አንቺ የቦንጋዋ ልጅ፣ ክረምቱ ሲገባ ችግኙን ሁለት ሁለት ሜትር አራርቀሽ ትከዪ። ወደ ዋንዛው ግንድ ግን አትጠጊ፤ ስትቆፍሪ ሥሩን ትጎጂዋለሽ።