ዱባይ ወይስ ዛንዚባር ብለን ተኳረፍን

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 36 ዓመቴ ነው፣ አካውንታንት ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር 11 ዓመታችን ነው፣ የ8 ዓመት ልጅ አለችን፣ የምንኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው። ለመዝናናት ብለን ከሀገር ወጥተን አናውቅም። ከሰኔ 2016 ጀምሮ በወር 20 ሺ ብር እቁብ ስጥል ቆይቼ የመጨረሻው እጣ የኔ ሆነና ጥር ላይ 400 ሺው ደረሰኝ። ሐምሌ ላይ ልጃችን ትምህርት ስትጨርስ ለአስር ቀን እንሂድ ተባባልን፣ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። እሱ ዱባይ አለ፣ እህቱ እዛው ዴይራ የሚባል ሰፈር ስላለች እሷ ጋ እናርፋለን የሆቴል አናወጣም አለ። እኔ ዛንዚባር አልኩ። እዛ ምን አለ አሸዋ ነው አለኝ፣ ዱባይስ ምን አለ ሙቀትና ሞል ነው አልኩት፣ በቃ ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው ካኮረፍን። ልጄን 'አባትሽን ራት ቀርቧል በይው' እያልኩ ነው። እናቱም ሰምተው ደውለው 'እህትና ወንድም እንዳይገናኙ ታደርጊያለሽ አሉ' አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እህቱ መጥፎ ሰው አይደለችም፣ እሱን ያስተማረችው እሷ ናት፣ ስድስት ዓመት ሆኗታል ሀገር ቤት ከመጣች። ግን እሷ ቤት ካረፍን እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ለእረፍት ሄጄ ሽንኩርት ልከትፍ? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?"

እህቴ እንዴት ነሽ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ ሰው ግን ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠን ሁሉ ዶክተር ማለት ይወዳል እኔም ደስ ሲለኝ ዝም እላለሁ።

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አብዛኛው ስለ ሆቴል ሂሳብ ስለ ሙቀት ስለ አሸዋ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግን እንዲሁ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር አለች፣ "እሱን ያስተማረችው እሷ ናት" ያልሺው። እኔ እዛ ጋ ቆምኩ። ባልሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያኮርፍ ይቺን አንድ ቀን አላነሳትም፣ እሱ የሚያወራው ስለ ሆቴል ብር ነው። አንቺም ብትሆኚ ሽንኩርቱን ለኔ ነው የነገርሽኝ፣ ለሱ የነገርሽው ስለ ሙቀት ነው። ሁለታችሁም ዋናውን ደብቃችሁ በትርፉ ነው የምትጣሉት።

አረብ ሀገር ሰርታ ወንድሟን ያስተማረች እህት እዚህ ከተማ ውስጥ በየቤቱ አለች። ቢሮዬ መጥተው ስለ ትዳራቸውም ስለ ስራቸውም ያለምንም ችግር የሚያወሩ ወንዶች አሉ፣ እህትህስ ስትላቸው ወሬው ይቆማል፣ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ማገላበጥ ይጀምራሉ። የሰው ልጅ የደሞዙን ያህል ሲያድግ፣ ቤት ሲይዝ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ያቺ የዩኒፎርሙንና የደብተሩን የላከችው እህት ደግሞ እዛው ከሰው ጋር ተዳብላ ስትኖር ሲያስበው ያፍራል። ባልሽ እንደዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም አላገኘሁትም፣ ግን ዱባይ ያለው ለቡርጅ ካሊፋ አይመስለኝም። 828 ሜትር ፎቅ ለማየት ሚስቱን ሦስት ሳምንት የሚያኮርፍ ሰው አላጋጠመኝም። እሱ ውለታ ሊመልስ ነው መሄድ የፈለገው፣ አንቺ ደግሞ ከማስተናገድና ከመስተናገድ አስር ቀን ልታርፊ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ወይ ላልሺው፣ በመረጥሽው ሀገር አይደለሽም፣ ጥፋት ካለብሽ በራት መልእክቷ ነው፣ እሷን ላስቀድም።

የ8 ዓመት ልጅ በአባትና በእናት መሀል ወሬ እንድታመላልስ ማድረግ ቀልድ ይመስላል፣ እኛም ልጅ ሆነን ተልከናል ምንም አልሆንንም የሚል አይጠፋም። መሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የስነ አእምሮ ሐኪም የቤተሰብ ሕክምና ሲጀመር ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፣ ሁለት ሰዎች መሀል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይጎትቱና ያሸክሙታል፣ ብዙ ጊዜ የሚጎተተው ደግሞ ልጅ ነው ይላል። ልጅቷ ራት ቀርቧል ብቻ አይደለም የምታደርሰው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ የአንቺን ፊት ተሸክማ ነው የምትሄደው፣ ስትመለስ የሱን። ከዛ ደግሞ "አባዬ እመጣለሁ ብሏል" ስትልሽ እሱ "አልፈልግም" ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ልጆች መልእክት ያለሰልሳሉ፣ ውሸት የሚጀምሩትም አንዳንዴ እንዲህ ሰው ለማስታረቅ ሲሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅቷን አትላኪያት። ታረቂው አላልኩሽም፣ ራት ቀርቧል የሚለውን ቃል ራስሽ በይው ነው ያልኩት፣ ፊትሽ ባይፈታም ግድ የለም።

አሁን ወደ ጉዞው። ጆን ጎትማን የሚባል ባልና ሚስትን ለረጅም ዓመታት ያጠና ተመራማሪ ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶው ተፈተው የማያልቁ ናቸው ይላል፣ ከሰዎቹ ባህሪና ምኞት የሚመጡ ስለሆኑ። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ተቆላልፎ ሲቆም መፍትሄ ከመፈለግ በፊት ሰውየውን ይሄ ነገር ላንተ ምንድነው ብለህ ጠይቀው ነው የሚለው። እናንተ ግን ገና ሳትጠያየቁ ሂሳብ ውስጥ ገባችሁ። ሂሳቡም ቢሆን ያናድዳል፣ እቁቡን ስትጀምሪ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ያኔ 400 ሺ ብር 7 ሺ ዶላር ገደማ ማለት ነው (ባንኩ ቢሰጥሽ ነው እንጂ)፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዛሬ የዛን ግማሽ እንኳን አይገዛም። ሃያ ወር የጠበቅሽው ብር እጅሽ ሳይገባ ሲሟሟ የነበረ ነው፣ ይሄ ንዴት የት እንደገባ አስበሽበት ታውቂያለሽ? አንዳንዱ ባልሽ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ትንሽ የራሴን ላውራ። እኔና ባለቤቴ ኢስታንቡል ሄደን ነበር፣ አምስት ቀን። ገና ቲኬት ቆርጠናል ከማለታችን የአደራ ዝርዝሩ መጣ፣ የአክስቷ ልጅ ጃኬት፣ የጎረቤት መጋረጃ፣ የኔ ወንድም በቁጥር ያልነገረኝ ጫማ። አራቱን ቀን ላሌሊ ሰፈር ከሱቅ ሱቅ ስንዞር፣ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ስንልክ፣ "ይሄ አይደለም ትንሽ ጠቆር ያለው" ሲባል አለፈ። ታሪካዊቷን መስጊድ ሀጊያ ሶፊያን ያየናት ከውጪ ነው፣ ያውም ሻንጣ ይዘን። ደሞ ተጣላን፣ መሀል መንገድ ላይ፣ በመጋረጃ። ዛሬ ድረስ የምናወራው ግን አንዷን ማታ ነው፣ ኤሚኖኑ ከሚባለው ወደብ ጀልባ ተሳፍረን ወደ ኡስኩዳር ስንሻገር ስሚት የሚሉትን ሰሊጥ የለበሰ ዳቦ ገዝታ ስትበላ አንድ የባህር ወፍ ከእጇ ላይ ነጥቆ ሄደ፣ እሷ ስትጮህ እኔ ስስቅ ጀልባው ሙሉ ሰው ሳቀ። ላሌሊ የገዛነው መጋረጃ የት እንዳለ አላውቅም።

ይሄን ያነሳሁት ዱባይ የሚለው ቃል እዚህ ሀገር ምን እንደሆነ ስለምታውቂው ነው። ዱባይ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ዘመድ አያውቀውም፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ የልጆች ጫማው። ዛንዚባር ብትሄጂ ማን ምን ብሎ ይጠይቅሻል፣ ቅርንፉድ አምጪልኝ? አንቺ ዛንዚባርን ስትመርጪ ሳታውቂው ማንም የማያዝሽን ሀገር መርጠሻል ብዬ እገምታለሁ፣ ይሄን ለሱ ንገሪው፣ ከአሸዋው የተሻለ ምክንያት ነው።

አንድ ጥናት ደግሞ ልንገርሽ ምክንያቱም የናንተው ጉዳይ ቁጭ ነው። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ፣ 1,530 ሆላንዳውያን ላይ የተሰራ ነው፣ ለእረፍት የሚጓዙ ሰዎች ከማይጓዙት የበለጠ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ከሌላው ሰው ብዙም አይለዩም፣ ልዩነት የታየው እረፍቱ በጣም ዘና ያደረጋቸው ላይ ነው፣ እሱም ከሁለት ሳምንት ብዙ አልቆየም። እንግዲህ አስቢው፣ ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው ማታ ማታ ሶስታችሁ ስልክ ላይ ሆቴል እያያችሁ ልጅቷ "ገንዳ አለው?" እያለች የምታሳልፉት ጊዜ ነበር ትልቁ ጥቅማችሁ፣ እሱን ነው በኩርፊያ የምታቃጥሉት።

ሀገር ምረጥልኝ ካልሺኝ የኔ ስራ አይደለም፣ ግን ሐምሌ ላይ ዱባይ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከአራት ኪሎ ክረምት ተነስታችሁ የ8 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ሞል ውስጥ ነው የምትውሉት፣ እዚህ ላይ ለአንቺ እፈርዳለሁ። ጥር ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፣ ያኔ ዱባይ ደስ የሚል አየር ነው። ዛንዚባር ደግሞ በተቃራኒው ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ቀለል ያለ ወቅቷ ነው፣ ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ቲክቶክ ላይ ያየሽው ባህር ግን በምሥራቁ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ በቀን ሁለቴ ሸሽቶ ይሄዳል፣ ውሃ ለማግኘት ብዙ ርቀት በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ለመዋኘት ከሆነ ሰሜኑ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ። ከጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ ወዲህ የውጪ ጎብኚ 44 ዶላር የግድ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ እኛ ደግሞ ከቢጫ ወባ ሀገር ስለምንቆጠር የክትባት ካርዱን ይጠይቁናል፣ ክትባቱ ከመጓዛችሁ ቢያንስ 10 ቀን መቅደም አለበት። ሂሳብ ላይ ይሄንንም ደምሪው፣ ዛንዚባር ርካሽ ነው ብለሽው ከሆነ እንዳትያዢ።

ግን ከሀገሩ በፊት ስለ እህትየው አውሩ። ዴይራ አብራ የምትኖር ጓደኛ አላት ወይስ ብቻዋን ናት? አንድ ክፍል ከሆነ እናንተ ሶስት ሰዎች ስትገቡ ምን ይሆናል? በአብዛኛው የሚሆነው ጓደኛዋ ለናንተ ብላ ሌላ ቦታ ታድራለች፣ እሷ ፈቃዷን አቃጥላ ወይም ከስራ መጥታ ዶሮ ትሰራለች፣ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ መቀመጥ ስለማትችይ ትነሻለሽ፣ ሽንኩርቱ የመጣው ከዛ ነው። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ቤት ያበሰለች ብትሆንስ? እሷስ እረፍት አያምራትም? ይሄን ለባልሽ ስትነግሪው እህትህ ቤት አልሄድም ማለት አይደለም፣ እህትህን እንግዳ አናብዛባት ማለት ነው፣ ወንድ ልጅ ይሄን ቶሎ ይሰማል።

ከዛ በኋላ መንገዱ ብዙ ነው። ዱባይን ለጥር አቆይታችሁ እዛው ዴይራ ሆቴል ይዛችሁ እሷን በእረፍት ቀኗ ራት ልትጋብዟት ትችላላችሁ። ወይ ዛንዚባርን ከአስር ቀን ወደ ስድስት አሳጥራችሁ በተረፈው ለእሷ የአዲስ አበባ ቲኬት ልትቆርጡላት ትችላላችሁ፣ ስድስት ዓመት ካልመጣች እናቷን ማየት የምትፈልግ ይመስለኛል፣ እሱም የፈለገው እሷን ማየት እንጂ ዴይራን አይደለም። ወይ እሷን ዛንዚባር ጥሩልኝ ይል ይሆናል፣ እምቢ የማለት መብት አለሽ፣ በሙቀት ሳታሳብቢ ግን።

እንዴት ልጀምረው ካልሽ ቤት ውስጥ አትጀምሪው። ከስራ ስትወጡ ጠብቂው፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ውረዱ፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመፋጠጥ ይቀላል፣ በተለይ ለኛ ለወንዶች። ስለ ዱባይ አትጠይቂው። "እህትህ መጀመሪያ ስትሄድ አንተ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?" በይው። ዝም ካለ ዝምታውን አትሙዪለት፣ መቶ ሜትርም ቢሆን ዝም በሉ።

እማማን በተመለከተ አንቺ መልሰሽ አትደውዪ፣ ልጃቸው ይደውል። ለእህትየው ግን አንቺው ራስሽ በዋትሳፕ ድምፅ ላኪላት፣ ስለ ጉዞው ምንም ሳታነሺ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ስራው እንዴት ነው ብቻ። ይሄኔ እኮ ጭቅጭቁ በእናቷ በኩል ደርሷት እንቅልፍ አጥታለች።