ፓስ ሲበላሽ የቆመውን እግር እዩ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በአጭሩ ይኸው ነው፦ 5ኛ ክፍል ስፖርት ታስተምራለህ፣ ልጆቹ 60 ናቸው፣ ኳስ ያለህ አራት ብቻ ነው፣ ፓስ ሲያደርጉ ደግሞ ኳሷ ጓደኛቸው ጋ አትደርስም። እኔም እዚሁ ባህር ዳር የስፖርት መምህር ነኝ። በኔ ክፍል የሠራውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ የሚመታውን እግር ለጊዜው ተወው። ሁላችንም «በውስጥ እግር ምቱ!» እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ልጁም በውስጥ እግሩ ይመታል፣ ኳሷ ግን ወደ አጥሩ። የቆመውን እግሩን ብታይ ወይ ከኳሷ ኋላ ቀርቷል፣ ወይ ጣቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። የቆመው እግር ከኳሷ ጎን፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ጣቱ ወደ ተቀባዩ፣ ጉልበቱም ትንሽ አጠፍ ያለ። ይህ ከተስተካከለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የኛ ሜዳ አፈር ነው፤ ዱካ ይይዛል። ልጁ እንደመታ «እንዳትነቃነቅ!» እለውና ከቆመው እግሩ ጣት ጀምሬ በእንጨት ወደፊት መስመር አሰምራለሁ። አንዷ መስመሩን በዓይኗ ተከትላ ሄደችና «ቲቸር፣ እግሬ እኮ ማንጎውን ነው የሚያየው!» አለችኝ። ኳሷም ማንጎው ሥር ነበረች። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ስለሚመታው እግር የምነግራቸው ትንሽ ነው። ቁርጭምጭሚት ጠንከር ይበል፣ ጣት ቀና ይበል፣ የኳሷ ወገብ ይመታ። ከሥሯ ከመቷት ትነሳለች። እግሩም መትቶ ቀጥ አይበል፣ ኳሷን ትንሽ ይከተላት።

ኳስ ማነሱ አያስጨንቅህ። ከቤታቸው የጨርቅ ኳስ ሠርተው እንዲመጡ ንገራቸው። ብዙም ስለማትነጥር ለጀማሪ እንዲያውም ትመቻለች። ትምህርት ቤቱ ኳስ ሲገዛ ደግሞ ቁጥር 4 ይሁን በል። ቁጥር 5 ከ13 ዓመት በላይ ላሉት ነው፤ ለ10 እና 11 ዓመት ልጅ ይከብዳል።

አሸዋ የሞላህባቸውን ሁለት ሃይላንድ በሁለት እርምጃ ልዩነት አቁምና በር አድርጋቸው። በየበሩ ስድስት ልጆች፣ ሦስቱ ከወዲህ ሦስቱ ከወዲያ ይሰለፉ። የመታው ሮጦ ከማዶው ሰልፍ ኋላ ይሰለፋል፤ ማንም ቆሞ አይፈዝም። ከበሩ በአምስት እርምጃ ይጀምሩ። ሃይላንዱን ሳይነኩ በተከታታይ ካሳለፉ በሩን አጥብበው፣ ርቀቱን ግን አትጨምር። ርቀት ስትጨምር ጉልበት ይመጣል፣ ጉልበት ሲመጣ በጣት ጫፍ መምታት ይመለሳል። ጎበዝ የሚባሉት ናቸው እዚህ ላይ የሚያስቸግሩህ፤ በር ማሳለፍ የሕፃን ሥራ ይመስላቸዋል።

መሐል ባልገባን ቶሎ አታምጣው። ልጆቹ ስለሚያውቁት ይለምኑሃል፣ ግን እግራቸው ሳይስተካከል የሚነጥቅ ሰው ከገባ ይደናገጣሉና ያገኙትን ሁሉ ይለጉታል። በኋላ ስታመጣው አራቱ ከዳር፣ አንዱ መሐል ይሁን። መሐል ያለው ለጊዜው በእርምጃ ብቻ ይሂድ፤ ሩጫ የለም። ዳር ያሉት ኳሷን አቁመው፣ ቀና ብለው አይተው ይስጡ። ተቀባዩም በየትኛው እግሩ እንደሚፈልጋት በእጁ ያሳይ። ይቺ የእጅ ምልክት ቀላል ትመስላለች፤ ሰጪው ቀና ብሎ እንዲያይ የምታስገድደው ግን እሷ ናት።

ማርክ ስትሰጥ ማን አርቆ መታ አትበል። እኔ የምይዘው በሩን ስንቴ እንዳሳለፉ ነው፤ ጉልበት የሌላቸው ልጆችም እኩል ዕድል ያገኛሉ። በነገራችን ላይ በሚያዝያ ሙቀት ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ከደረሰህ ዛፍ ጥላ ሥር አድርገው፤ ለአምስት እርምጃ ሰፊ ሜዳ አያስፈልግህም።

የናንተ ሜዳ ተዳፋት አለው እንዴ? ካለው ኳሷ ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን አግድም እንድትሄድ አድርገህ በሮቹን አቁማቸው፤ ልጆቹም ከበሩ ትንሽ ወደ ላይ አልመው መምታት ይኖርባቸዋል።