የቤተ ሙከራ ሰዓት ለወደፊት ሥራ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወደፊት የሕክምና ላቦራቶሪ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ማጥናት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቢኖረውም በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ቢከፈት ነው። ሲከፈትም መምህሩ ይሠራል፣ አርባዎቻችን ቆመን እናያለን። ጓደኞቼ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ጥያቄ መሥራት ይሻላል ይሉኛል። ሙከራ መሥራት ለሥራዬ በእርግጥ ይጠቅመኛል? ከጠቀመኝስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጓደኞችሽ ስለ ፈተናው የሚሉት ልክ ነው። ለምርጫ ጥያቄ ጥሩው ዝግጅት ምርጫ ጥያቄ መሥራት ነው፤ ሙከራ ይህን አይተካም። አንቺ ግን የጠየቅሽው ስለ ሥራሽ ስለሆነ መልሳችንም ከሥራው ይነሳል።

በመረጥሻቸው በሁለቱም ሙያዎች ቁጥር ማውጣት የማሽን ሥራ እየሆነ መጥቷል። ባለሙያው የሚፈለገው ቁጥሩን አይቶ «ይህ ይታመናል» ወይም «ይህ አይታመንም፣ ናሙናው እንደገና ይወሰድ» እንዲል ነው። የደም ስኳር ምርመራን እንውሰድ። ደም ተቀድቶ ሴሎቹ ከፈሳሹ ሳይለዩ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ዝቅ ያለውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ውጤት ያትመዋል። ደሙ ሲቀዳ በኃይል ተስቦ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ደግሞ በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ወደ ፈሳሹ ይወጣና ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይነበባል። አንዱ ስህተት ቁጥሩን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ገፋው። ሐኪሙ ግን የሚያየው የታተመውን ቁጥር ብቻ ነው፤ መድኃኒት የሚያዘውም በእሱ ነው።

«ስህተቱ ቁጥሩን ወዴት ይገፋዋል?» ብሎ መጠየቅ በንባብ ብቻ አይለመድም። የሚለመደው በገዛ እጅ ለክቶ፣ ተሳስቶ፣ የስህተቱን ምንጭ ፈልጎ በማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ በጣም ምቹ ቦታ ነው፤ ብትሳሳቺ የሚጎዳ ታካሚ የለም።

ሁሉም የሚያውቀውን ታይትሬሽን፣ ማለትም የአንድን ፈሳሽ ጥንካሬ በሌላ ፈሳሽ መጠን መለካትን፣ እንመልከት። 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፒፔት (መጠን ለክቶ በሚቀዳ ቱቦ) ወደ ሾጣጣው ብልቃጥ ይገባል፤ ቀለሙን በመለወጥ ማብቂያውን የሚያሳየው ፌኖልፍታሊን 2 ወይም 3 ጠብታ ይጨመርበታል። ከቢዩሬቱ (ከታች ቧንቧ ካለው ረጅም መለኪያ ቱቦ) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየወረደ ብልቃጡ ይወዘወዛል። ፈዛዛ ሮዝ ቀለም መጥቶ ለ30 ሰከንድ ያህል ካልጠፋ ቧንቧው ይዘጋል። በመጽሐፍ ይህ አራት መስመር ነው። በእጅ ሲሠራ ግን የሚከተሉት ይመጣሉ።

ቢዩሬቱ በውኃ ብቻ ታጥቦ በውስጡ እርጥበት ከቀረ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ብዙ ይወርዳል፣ ንባቡ ከእውነቱ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ በራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ መለቅለቅ ያለበት ለዚህ ነው። ብልቃጡ ግን በተጣራ ውኃ ብቻ ታጥቦ ርጥብ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ የገባው አሲድ መጠን በውኃው አይለወጥምና። ይህን ልዩነት ብዙ ተማሪ ይሸመድደዋል፤ ለምን እንደሆነ የሚገባው ግን አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያየው ነው። ከቧንቧው በታች ባለው ጫፍ የአየር አረፋ ካለና በመሐል ከወጣ የአረፋው ቦታ ያህል ፈሳሽ ወደ ብልቃጡ ሳይገባ እንደ ወረደ ይቆጠራል። ግማሽ ሚሊ ሊትር አረፋ ከ25 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ነው። ቢዩሬቱ የተሞላበት ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ከላይ ተረስቶ ከቀረ ደግሞ የሚንጠባጠበው የቢዩሬቱን ፈሳሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ንባቡ ያንሳል።

የመጀመሪያው ዙር 26.30 ቢወጣ አትደንግጪ፤ እሱ ለግምት ነው። በሚቀጥሉት ዙሮች 24 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስትደርሺ አንድ አንድ ጠብታ አውርጂ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 25.10 እና 25.05 ካገኘሽ ልዩነታቸው ከ0.1 ስለማይበልጥ አማካያቸውን ትወስጃለሽ፤ 26.30ን አትጨምሪም፤ ግን አትሰርዢውም። ጽፈሽ ከጎኑ «ግምት» በይበት።

አሁን ስለ አርባው ተማሪ። ለመምህርሽ «ቤተ ሙከራ ይከፈትልን» ብቻ ብለሽ አትሂጂ፤ እቅድ ይዘሽ ሂጂ። አራት አራት ሆናችሁ ተመደቡ፤ አንዱ ቧንቧውን ይይዛል፣ አንዱ ብልቃጡን ይወዘውዛል፣ አንዱ በዓይኑ ትክክል ዝቅ ብሎ በመሐል ጎድጎድ ያለውን የፈሳሹን ገጽ ታችኛ ጠርዝ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። አራት ዙር ስትሠሩ በየዙሩ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሁሉም ሁሉንም ይነካል። ሁለት ቢዩሬት ብቻ ካለ ስምንት ተማሪ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሌላው በዚያው ሰዓት ቀጥሎ የምንነግርሽን ይሥራ። አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን ግን ከቤተ ሙከራ ውጭ በፍጹም አትሞክሪ። በተለይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ መነጽር ከሌለ ሥራው ይቆይ።

ያለ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ፔንዱለም ነው። የሚያስፈልግሽ የማይለጠጥ ክር፣ አንድ የብረት ዳዶ፣ ማስመሪያ ወይም ሜትር እና ሰዓት ነው። ክሩን ከማይነቃነቅ ነገር ላይ አንጠልጥይ። ርዝመቱን ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሐል ለኪ። ከ10 ዲግሪ ሳይበልጥ ወደ ጎን ሳቢና ሳትገፊው ልቀቂው። የ20 ሙሉ ውዝዋዜ (ሄዶ መመለስ) ጊዜ ያዢና ለ20 አካፍዪ። አንዱን ብቻ ብትለኪ የጣትሽ መዘግየት፣ 0.2 ሰከንድ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ውጤቱ ላይ ያርፋል፤ በ20 ሲካፈል 0.01 ይሆናል። ይህን በ25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81 እና 100 ሴንቲ ሜትር ድገሚው። ጊዜዎቹ 1.0፣ 1.2፣ 1.4፣ 1.6፣ 1.8 እና 2.0 ሰከንድ አካባቢ መውጣት አለባቸው።

ከዚያ የስበት ፍጥንጥነትን አስዪ፤ 4 ሲባዛ በፓይ ካሬ፣ ሲባዛ በርዝመቱ (በሜትር)፣ ሲካፈል ለጊዜው (በሰከንድ) ካሬ። 9.8 አካባቢ ከወጣ ደግ። 10.9 አካባቢ ከወጣ ስትለቂው «ዜሮ» በማለት ፋንታ «አንድ» ብለሽ ጀምረሻል፤ የቆጠርሽው 19 ውዝዋዜ ነው። በ25 ሴንቲ ሜትሩ 9.25፣ በ100ው ግን 9.67 ከወጣ ርዝመቱን እስከ ዳዶው መሐል ሳይሆን እስከ ቋጠሮው ለክተሻል፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጎድሏል። ያው 1.5 ሴንቲ ሜትር በአጭሩ ክር ላይ ብዙ ነው፣ በረጅሙ ላይ ትንሽ። የጊዜውን ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ብታስቀምጪው መስመሩ ዜሮ ላይ አያልፍም፤ የርዝመቱን አክሲስ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ከዜሮ በታች ይቆርጠዋል። ግራፉ የረሳሽውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነገረሽ ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ተማሪ ግራፍን ለውጤት ብሎ ብቻ አይስልም።

የማይገጥም ቁጥር ሲመጣ አታጥፊው የምንለው በከንቱ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ በ1672 እ.ኤ.አ. ወደ ምድር ወገብ አቅራቢያ ወዳለችው ካየን ሲሄድ ፓሪስ ላይ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ አላለፈውም፤ ደጋግሞ ለካው፣ መዘገበው። ኒውተን በኋላ ምድር በወገቧ በኩል ያበጠች መሆኗን ሲያስረዳ ይህን ልኬት ተጠቅሞበታል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ለይተሽ ያዢ። በእስክሪብቶ ጻፊ፤ እርሳስ ለማጥፋት ይገፋፋል። ለእያንዳንዱ ሙከራ ቀኑን፣ የመሣሪያውን ትንሹን ክፍፍል፣ ጥሬ ንባቡን ከነመለኪያው፣ ስሌቱን፣ ከዚያ የስህተቱን ምንጭና አቅጣጫውን አስፍሪ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዢው፤ ከሥሩ ይነበብ። መድኃኒት በሚመረትባቸውና ናሙና በሚመረመርባቸው ቦታዎች የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው፤ እዚያ ሄዶ መልመድ ለብዙ አዲስ ተቀጣሪ ከባድ ይሆናል።

በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃሻል፤ የቀረውን ለጥያቄዎችሽ ስጪ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ደብተሩን ዝጊው፣ አትጎጂም። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ስምንት ሙከራ በዚህ መልክ ከሠራሽ ብዙ ነው። ሃያ ሙከራ በጥድፊያ ከመሥራት ስምንቱን እስከ ስህተታቸው ምንጭ ድረስ መከታተል ይሻላል።

ለልምምድ ወይም ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ሙከራ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ይሉሻል። «አዎ፣ ታይትሬሽን» ብለሽ አትቁሚ። «መጀመሪያ ያገኘሁት የስበት ፍጥንጥነት 10.9 ነበር፤ ከአንድ ጀምሬ ስለቆጠርኩ መሆኑን ደረስኩበት፣ ደግሜ ስለካ 9.8 ሆነ» በያቸው፤ ደብተሩንም ያ ገጽ ላይ ገልጠሽ አቅርቢላቸው።