መብራት ሲሄድ እጃችሁን ማሽን ውስጥ አታስገቡ፦ ስለ ሎክአውት ታግአውት ጥያቄና መልስ

በፋብሪካ ጥገና ክፍል የምሠራ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ማሽን ለጥገና ወይም ለጽዳት ከመነካቱ በፊት የኃይል ምንጩን ዘግቶ በጓጉንቸር ስለ መቆለፍ፣ የቆላፊው ስም ያለበት ምልክትም ስለ መስቀል (ሎክአውት ታግአውት የሚባለው ይኸው ነው) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቼ።

ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። መብራት በሄደ ቁጥር አሠሪያችን «በዚሁ ሚክሰሩን እጠቡ» ትለናለች። መብራት ከሌለ ምን አደጋ አለው?

እህቴ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የአንቺ ጥያቄ ነው። መብራት ሄደ ማለት ኃይሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም። መቼ እንደሚመለስ አንቺም አሠሪሽም አታውቁም። ማስነሻው በኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት በሚሳብ ማብሪያ፣ የሚሠራ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲቋረጥ ኮንታክተሩ ይለቅና ሰው ማስነሻውን እስኪጫን ድረስ አይነሣም። በተራ ማዞሪያ ማብሪያ የሚሠራው ግን ማብሪያው እንደበራ ከተተወ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት መዞር ይጀምራል፤ እጅሽ ውስጥ ይሁን አይሁን አያውቅም። አውቶማቲክ መቀየሪያ ያለው ጄኔሬተር ካላችሁ ደግሞ የመብራት ኃይልን መምጣት እንኳ አይጠብቅም፣ በሰከንዶች ውስጥ ተነሥቶ መስመሩን ይመግባል።

ሚክሰሩ በሶኬት የሚሰካ ከሆነ ንቀዪውና የገመዱን ጫፍ ሥራሽን እስክትጨርሺ ድረስ ከአጠገብሽ አታርቂው፣ ለሌላ ሰው እጅም አትተዪው። ይህ ለእንዲህ ያለ ማሽን ይበቃል። ከቦርድ በቀጥታ የተዘረጋ ከሆነ ግን ብሬከሩ ተዘግቶ ይቆለፍ።

ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ከተጫንኩ አይበቃም?

አይበቃም። እሱ የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ የመቆጣጠሪያውን መስመር ነው፤ 380 ቮልቱ እስከ ኮንታክተሩ ድረስ እንዳለ ቆሟል። ደግሞስ የተጫንከውን ማቆሚያ ሌላ ሰው መጥቶ አዙሮ ቢለቀውስ? የሚቆለፈው ዋናው ማቋረጫ ነው።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ላይ ሦስት ሆነን እንሠራለን። ፎርማኑ አንድ ጓጉንቸር ይቆልፍና ቁልፉን ይይዛል። ልክ ነው?

ልክ አይደለም። ፎርማኑ ሥራው ያለቀ መስሎት ቢከፍት ከማሽኑ ሥር ያለው ሰው ምን ይከላከልለታል? ሦስት ሰው ከሆናችሁ ሦስት ጓጉንቸር፣ ቁልፉም በየባለቤቱ ኪስ። ለዚህ የሚሆን ብዙ ቀዳዳ ያለው የብረት ማያያዣ አለ፤ ሃስፕ ይባላል፤ የመጨረሻው ሰው የራሱን እስኪያነሣ ድረስ ማቋረጫው አይከፈትም። ለማንም የሚደርስ ትርፍ ቁልፍ ቢሮ ውስጥ ከተንጠለጠለ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቆለፍን እንበል። ኃይል እንደሌለ በምን እናረጋግጣለን?

ብዙ ሰው የሚዘልለው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ቴስተራችሁን (የቮልት መለኪያችሁን) ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት። ከዚያ የማሽኑን መስመር ለኩ፤ ሦስቱን ፌዞች እርስ በርስ፣ እያንዳንዱንም ከኤርዝ ጋር። ከዚያ ተመልሳችሁ ቴስተሩን ኃይል ባለበት ቦታ እንደገና ሞክሩት፤ በመሐል ባትሪው አልቆ «ዜሮ» ብሏችሁ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ሰው ሁሉ ከማሽኑ ርቆ ማስነሻውን ተጫኑ፤ ካልተነሣ ወደ «አጥፋ» መልሱት።

ኤሌክትሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ከተዘጋ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ500 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለባችሁ የኢንቨርተሩ ሽፋን ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት፣ ጠብቁ፣ ከዚያም ለኩ። የኮምፕረሰሩን ቫልቭ ብትዘጉትም በቱቦውና በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው አየር ክንድ ለመስበር ይበቃል፤ አስተንፍሱት። ወደ ላይ የተነሣ ፕሬስ ወይ ይውረድ ወይ በደንብ ይደገፍ፣ በሃይድሮሊኩ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ሥሩ አትግቡ። እንፋሎትም፣ የተወጠረ ስፕሪንግም እንዲሁ ናቸው።

ጋሼ፣ አንድ ሠራተኛ ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ስልኩም ዝግ ነው። ጓጉንቸሩን በመጋዝ እንቁረጠው?

መጀመሪያ ሰውዬው ግቢ ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ከማሽኑ ጀርባ ወይም ውስጥ ሊሆን ይችላል። እሱን ለማግኘት የሚቻለውን ሁሉ ሞክሩ። ካልተገኘ ኃላፊነት የተሰጠው አለቃ ማሽኑን ራሱ ፈትሾ፣ በጽሑፍ መዝግቦ ያስቆርጠው። ሠራተኛው ተመልሶ ሥራ ሳይጀምር ጓጉንቸሩ መነሣቱ ይነገረው።

ትንሽ ወርክሾፕ ነው ያለኝ፣ ዕቃው ውድ ነው።

ከገበያ ተራ ጓጉንቸር ገዝተህ ቀይ ቀለም ቀባው፤ ለሌላ ነገር ግን ፈጽሞ እንዳይውል። ምልክቱ ስም፣ ቀን፣ ምክንያትና ስልክ የተጻፈበት ካርቶን ሊሆን ይችላል። የብሬከርህ እጀታ ቀዳዳ ከሌለው መቆለፊያ ማቀፊያ ይሸጣል። አሮጌ ቦርድ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጭነቱን አጥፍቶ ቫልቮላውን ይንቀልና የቦርዱ በር ይቆለፍ። ምልክት ብቻውን ግን ማንንም አያቆምም።

አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ነኝ። ኮንቬየር ላይ ካርቶን ሲጣበቅ ሱፐርቫይዘሬ «አንድ ደቂቃ ነው፣ አውጣው» ይለኛል።

ኦሻ (የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው 1910.147 የተባለው ደንብ ለዚህ ነው የተጻፈው። የተጣበቀ ዕቃ ለማውጣት መከላከያ የምታነሣ ወይም እጅህን አደገኛው ቦታ የምታስገባ ከሆነ ጥገና ነው፣ ይቆለፋል። ጓጉንቸሩን የሚያቀርበው አሠሪው ነው፤ ሥልጠናውንም በሚገባህ ቋንቋ መስጠት አለበት። ስምህ ለአሠሪው እንዳይገለጽ ጠይቀህ ለኦሻ አቤት ማለት ትችላለህ። በመናገርህ ቢበቀሉህ ግን የበቀሉን አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለብህና አትዘግይ።

የእኛስ አገር ሕግ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ተመልከቱ። የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅና የሥራውን አደጋ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሺፍት ሲቀየር ጥገናው ካላለቀስ?

ገቢው መጀመሪያ የራሱን ጓጉንቸር ያስገባል፣ ወጪው ከዚያ በኋላ የራሱን ያነሣል። ገቢው በወጪው መለኪያ ሳይተማመን ራሱ ደግሞ ይለካ።