ሰባት ዓመት የሠራሁበት ሱቅ የለም፣ ሬዝሜዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ቻይን ሱቅ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በካሸርነት ገብቼ ሱፐርቫይዘር ደርሻለሁ። ድርጅቱ ከሰረና ባለፈው ዓመት ሁሉም ቅርንጫፍ ተዘጋ። አሁን ሥራ ሳመለክት ‹የቀድሞ አሠሪሽን ማግኘት አልቻልንም› ይሉኛል። ስልኩ አይነሳም። ቢሆንም ሁለት ቦታ ጠርተውኛል። አንዱ ሌላ ቻይን ሱቅ ነው፣ ረዳት ማኔጀር፣ በዓመት 46 ሺ ዶላር። ሁለተኛው የሆስፒታል ዕቃ ክፍል ነው፣ በሰዓት 19.50። እናቴ ‹ማኔጀር ካሉሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ› ትላለች። እኔ ደግሞ ሌላ ሱቅ ሲዘጋብኝ ማየት አልፈልግም። ለመሆኑ ችርቻሮ እየሞተ ነው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ችርቻሮ አልሞተም። ሰው ዛሬም ጫማ ይገዛል፣ ለልጁ መጫወቻ ይገዛል። የሚሞቱት ሱቆቹ ናቸው። ስለ አሟሟታቸው የሚወራው ደግሞ ግማሹ ትክክል አይደለም። ሁሉም «አማዞን ገደላቸው» ብሎ ያልፋል። እዚሁ ዲሲ አካባቢ ያሉትን ብቻ እይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ትልቁ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ የተዘጋው በ1995 ነው። በየከተማው መሃል የነበረው ርካሽ ዕቃ ሻጩ ዉልዎርዝ በ1997። የቤት ዕቃና መሣሪያ የሚሸጠው ሄኪንጀር በ1999። ያኔ አማዞን ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። ሄኪንጀርን የበላው ሆም ዲፖ ነው፣ እሱም ሱቅ ነው። ስለዚህ «ሱቅ ነውና አልገባም» ማለት ብቻውን አያድንሽም፣ «ትልቅ ስም ነውና እገባለሁ» ማለትም እንደዚያው።

እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው። ቤቱ ሥራ የሚያውቁ ሰዎቹን እንዴት ይይዛል? ዕዳውስ የማን ነው?

ለመጀመሪያው ሰርኪት ሲቲን ልንገርሽ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከአንቺ ብዙም ሳይርቅ ሪችመንድ ነበር። ቴሌቪዥን፣ ቴፕ፣ ኮምፒውተር ይሸጣል። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ ላታስታውሺው ትችያለሽ እንጂ እዚህ የቆየ ሐበሻ የመጀመሪያ ቲቪውን ከየት እንደገዛ ብትጠይቂው ብዙው ይህንን ስም ይጠራልሻል። የቤቱ ጉልበት ሻጮቹ ነበሩ። ቆመው ያስረዱሻል፣ የትኛው ሽቦ ከየትኛው እንደሚገጥም ያሳዩሻል፣ በሸጡት ልክ ኮሚሽን ያገኛሉ። በ2003 ኮሚሽኑ ቀረ። በማርች 2007 ደግሞ 3,400 የሚሆኑ ሠራተኞችን በአንዴ አሰናበቱ። ሰርቀው አይደለም፣ አርፍደውም አይደለም። ደመወዛቸው ከሌላው ከፍ ያለ ስለነበር ነው። በቃ። በነሱ ቦታ በርካሽ የሚቀጠር ሰው ይገባል፣ የተባረረውም ከፈለገ ከ10 ሳምንት በኋላ በዝቅተኛው ደመወዝ ተመልሶ ማመልከት ይችላል ተባለ። አስቢው እስቲ! ዓመታት የሠራሽበትን ወንበር በቅናሽ መልሰሽ ለምኚ እንደማለት ነው። በኖቬምበር 2008 ድርጅቱ በፍርድ ቤት ኪሳራ አወጀ። በጃንዋሪ 2009 የቀሩት 567 ሱቆች በሙሉ እንደሚዘጉ ተነገረ፣ 34 ሺ ገደማ ሰው ሥራ አጣ። በእርግጥ ያን ጊዜ የመላ አገሩ ኢኮኖሚ ወድቆ ነበር፣ ቤስት ባይ የሚባል ጠንካራ ተፎካካሪም ነበረባቸው። እኔ ግን የ2007ቱን ውሳኔ ነው የማስታውሰው። ምርጥ ሻጩን የሚያባርር ሱቅ ለአንቺ በግልጽ እየነገረሽ ነው፣ መስማት ብቻ ነው የሚቀርሽ።

የሚገርመው፣ ያገለገለ መኪና የሚሸጠውን ካርማክስን በ1993 የጀመረው ይኸው ሰርኪት ሲቲ ነው። በ2002 ለብቻው ለቀቀው። አባትየው ሞተ፣ ልጅየው ዛሬም በየከተማው አለ።

ወደ ዕዳው ልምጣ። የልጆች መጫወቻ የሚሸጠውን ቶይስ አር አስን ታውቂዋለሽ። መነሻው የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቻርልስ ላዛረስ የሚባል የዲሲ ልጅ ከጦርነት ተመልሶ በ1948 የሕፃናት አልጋ መሸጥ የጀመረው አዳምስ ሞርጋን ውስጥ፣ 18ኛው መንገድ ላይ ነው። አዎ፣ በኋላ እነ መስከረም ሬስቶራንት የተከፈቱበት፣ በ80ዎቹ ሐበሻ የሚሰባሰብበት ያው መንገድ። ሰውየው አንድ ነገር ገባው። አልጋ አንዴ ከተገዛ ለሁለተኛው ልጅም ያገለግላል። መጫወቻ ግን ይሰበራል፣ እናትየው ተመልሳ ትመጣለች። በ1957 ሮክቪል ላይ መጫወቻ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ፣ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ።

በ2005 ሦስት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች፣ ቤይን፣ ኬኬአርና ቮርናዶ፣ በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። አገዛዙን ልብ በይ። አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነው፣ ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ገዢው ሳይሆን የተገዛው ሱቅ ራሱ ነው። አንድ ሰው የጎረቤትሽን ሱቅ ገዝቶ ዕዳውን በሱቁ ስም ሲያስጽፍ አስቢ። ሱቁ ዳቦ በሸጠ ቁጥር መጀመሪያ የራሱን መሸጫ ዋጋ ይከፍላል። ቶይስ አር አስ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ለወለድ ብቻ በዓመት 400 ሚሊዮን ገደማ ይከፍል ነበር። ያ ገንዘብ ሱቁን ማደስ፣ ዌብሳይት መሥራት፣ ሠራተኛ መጨመር ይችል ነበር። ዋልማርትና አማዞን ዋጋ ሲሰብሩ ይሄ እጁ ታስሮ ቆመ። በሴፕቴምበር 2017 ሊከስር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ዕቃ አቅራቢዎቹ «ገንዘቡን በእጅ ካልሰጣችሁን አንጭንም» አሉ። በቀጣዩ ማርች ይዘጋል ተባለ። ላዛረስ በሳምንቱ ገደማ በ94 ዓመቱ አረፈ። በጁን 29፣ 2018 አሜሪካ ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሱቆች ተዘጉ። ከ30 ሺ በላይ ሠራተኛ ያለ ስንብት ክፍያ ወጣ። ሠራተኞቹ ተደራጅተው፣ ሰልፍ ወጥተው ሲጮሁ ከሦስቱ ባለቤቶች ሁለቱ 20 ሚሊዮን ዶላር የድጋፍ ገንዘብ አዋጡ። ለሠላሳ ምናምን ሺ ሰው ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ አንቺው አስቢው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በመጨረሻው ሳምንት መደርደሪያውም ማንጠልጠያውም ተሸጦ አለቀ፣ ሻይ የምታሞቁበት ማይክሮዌቭ ላይ ሳይቀር 8 ዶላር ተለጠፈበት ብለሻል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። ያን ቀን ሰው በቅናሽ ሲሻማ አንቺ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ቆመሽ ስታስተናግጂ ነበር። ይህንን የምለው ላሳዝንሽ አይደለም። ያ ሥራሽ ሬዝሜሽ ላይ የለም!

የላክሽልኝ ሬዝሜ «ካሸርና ሱፐርቫይዘር፣ ደንበኛ አስተናግዳለሁ» ይላል። ይሄ ማንንም አይነግርም። በደብዳቤው ላይ ግን ለ12 ሰው ሺፍት አወጣ ነበር፣ በሳምንት ሁለት የጭነት መኪና እረከብ ነበር፣ ቆጠራ ላይ የጎደለውን እኔ ነበርኩ የማጣራው ብለሻል። እሱን ጻፊ፣ ቁጥሩን ሳትፈሪ። ከሥሩ ደግሞ «የቅርንጫፉን መዝጊያ 10 ሳምንት መርቼ ዕቃና ሒሳቡን አስረክቤያለሁ» በይ። ሠራተኛው በየቀኑ እየተመናመነ፣ ደንበኛው እየተቆጣ፣ አንቺ እስከ መጨረሻው ቀን ሒሳብ ማስታረቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ከድርጅቱ ስም ጎን «ሥራ አቁሟል» ብለሽ ዓመቱን ጨምሪ። የሚያፍር ካለ ባለቤቶቹ ይፈሩ፣ አንቺ ምን በወጣሽ።

ማረጋገጫን በተመለከተ፣ ስልክ አይነሳም ማለት ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። አሠሪሽ በየዓመቱ ለታክስ የሚልክልሽን የደመወዝ ወረቀት፣ ደብልዩ ቱ ፎርሞችሽን፣ ሰብስቢ። ከጠፉብሽ የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ የአይአርኤስ፣ ዌብሳይት ላይ አካውንት ከፍተሽ የየዓመቱን የገቢ ዝርዝር በነፃ ታወጪያለሽ፣ የተከፈለሽ ደመወዝ እዚያ አለ፣ የአሠሪሽ ስም ግን በከፊል ተሸፍኖ ሊታይ ይችላል። የቀድሞ ማኔጀርሽን የግል ስልክ አሁኑኑ ፈልጊ፣ ሰው ሲበተን ቶሎ ነው የሚጠፋፋው። እኔ ይህንን በጊዜው አላወቅኩም ነበር። መጀመሪያ የሠራሁበት ሱቅ ሲዘጋ የደመወዝ ደረሰኞቼን ካርቶን ውስጥ ትቼ ወጣሁ፣ በኋላ ለቤት ብድር የሥራ ታሪክ ሲጠይቁኝ የወጣሁትን ላብ አልረሳውም። ከደመወዝሽ ለ401ኬ፣ ማለትም በአሠሪ በኩል ለሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ፣ ተቀንሶልሽ ከነበረም ገንዘቡ ከድርጅቱ ንብረት ተለይቶ የሚቀመጥ ነው፣ አብሮ አይከስርም። የት እንደሄደ ካላወቅሽ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር የጠፋ የጡረታ ገንዘብ መፈለጊያ አለው።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። 46 ሺው ሳላሪ (ሰዓት የማይቆጠርበት ቋሚ ደመወዝ) ነው ወይስ በሰዓት? ይሄንን አልነገርሽኝም፣ ሁሉ ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሳላሪ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኦቨርታይም የለውም። ረዳት ማኔጀር ማለት ደግሞ ካሸሩ ሲቀር ካሸር፣ መኪና ሲመጣ አውራጅ፣ ማታ ቆላፊ፣ ጠዋት ከፋች ማለት ነው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በሳምንት 50 ሰዓት ብትሠሪ 46 ሺው በሰዓት 17.69 ይመጣል። ሆስፒታሉ ከሚከፍልሽ 1.81 ያንሳል። ሆስፒታሉ በሳምንት 40 ሰዓት ሲታሰብ በዓመት 40,560 ነው፣ ከ40 ካለፈ በሰዓት ተከፋይ ስለሆንሽ የሰዓቱ ክፍያ በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰብልሻል። ረዳት ማኔጀሩ በሰዓት የሚከፈል ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፣ እሱንም ልደብቅሽ አልፈልግም። የሁለቱ የዓመት ልዩነት 5,440 ዶላር ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ለሱቁ ደውለሽ ጠይቂ። ሳላሪ ነው ወይ? ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው የት ሄደ? ባለቤቱ ማነው? አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ከሆነ ዓመታዊ ሪፖርቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው የኤስኢሲ ዌብሳይት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ዕዳውና ወለዱ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከዚያ አንድ ቀን እንደ ገዢ ሆነሽ ግቢ። አንድ ዓይነት ዕቃ ተዘርግቶ መደርደሪያ እንዲሞላ ተደርጓል? ጣሪያው ያፈሰበት ቦታ ባልዲ ተቀምጧል? ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው አይነገረውም። ሌላም ልጨምርልሽ። ትልልቅ ድርጅቶች ከመዝጋታቸው 60 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል፣ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ 50 ሰው ሲነካ ነው። ሱቅ ደግሞ ስንት ሰው ይቀጥራል? ስለዚህ «ሳይነግሩኝ አይዘጉም» ብለሽ አትተኚ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ወደ ሆስፒታሉ አደላለሁ። ሆስፒታል አይዘጋም ብዬ አይደለም፣ ይዘጋል። መረከብ፣ መቁጠር፣ የጎደለውን ማጣራት፣ ሳያልቅ ማዘዝ፣ ይህ የያዝሽው ሙያ እዚያ ሄዶ ከአንድ ብራንድ ስም ስለሚላቀቅ ነው። እዚያው አሌክሳንድሪያ የነበረውን የገበያ ማዕከል፣ ላንድማርክ ሞልን ታውቂው የለ? በ1965 ሲከፈት ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕም፣ ሲርስ የሚባለው ሌላ ትልቅ መደብርም እዚያ ነበሩ። መጨረሻ ላይ የሌላው መደብር የሜሲስ ሕንፃ ለጊዜው ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ ሆነ፣ ሲርስ በ2020 ተዘጋ፣ በ2022 ሞሉ መፍረስ ጀመረ። አሁን እዚያው ላይ እየተገነባ ያለው ኢኖቫ የሚባለው ድርጅት ሆስፒታል ነው፣ በ2028 ሊከፈት ታቅዷል። የአንቺኛው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ ለውጥ የለውም። ኢንተርቪው ላይ የትምህርት ክፍያ ይረዱ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይረዳሉ።

ለእናትሽ ደግሞ 17.69 እና 19.50ን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳያት፣ ሱቁ ሳላሪ ነው ካለሽ ማለቴ ነው። «ማኔጀር» የሚለውን ቃል በወሬ አታሸንፊውም።