ሴል ሲጨነቅ አርኤንኤው ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ላይ ላብራቶሪ የሚሠሩ የባዮሎጂ ተማሪዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጥ፦ መምህር፣ ሴል መርዝ ወይም ሙቀት ሲያገኘው ኤምአርኤንኤውን (የፕሮቲን መሥሪያ መልእክቱን) ያፈርሰዋል?

መ፦ አብዛኛውን አያፈርስም፤ ያቆየዋል። ኢአይኤፍ2 አልፋ የሚባለው ፕሮቲን ሴሪን 51 ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ ማሽን) አዲስ ፕሮቲን መጀመር ያቅተዋል። ፎስፌቱን የሚለጥፉት ኪናዝ የሚባሉ አራት ኢንዛይሞች ናቸው፦ ፐርክ በትክክል ላልታጠፈ ፕሮቲን፣ ፒኬአር ለቫይረስ፣ ጂሲኤን2 ለአሚኖ አሲድ እጥረት፣ ኤችአርአይ ለሂም እጥረትና አርሴናይት ለሚባለው መርዝ። ቀድመው የጀመሩት ራይቦዞሞች ጨርሰው ሲወርዱ ራቁቱን የቀረው ኤምአርኤንኤ ጂ3ቢፒ1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተሰባስቦ የስትረስ ግራኑል (በጭንቀት ጊዜ የሚፈጠር ክምችት) ይሆናል።

ጥ፦ ግራኑሉን በማይክሮስኮፕ ለማየት ሴሉን የምናስጨንቅበት አርሴናይት ስንት ይሁን?

መ፦ ለሄላ ሴል (ላብራቶሪ ውስጥ ለሚራባ የሰው ሴል) 0.5 ሚሊሞላር ሶዲየም አርሴናይት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ከዚያ በ4 ፐርሰንት ፓራፎርማልዴሃይድ 15 ደቂቃ ፊክስ አድርጉና (ሴሉን ባለበት አስቀሩና) በጂ3ቢፒ1 አንቲቦዲ አቅልሙ። ነጠብጣብ ያየ ሁሉ ግን ግራኑል አየሁ አይበል፤ የአንቲቦዲ ዝቃጭም እንዲሁ ያበራል። ለማጣራት አንዱ ዌል (የሴል ሳህኑ ጉድጓድ) ላይ ከአርሴናይቱ ጋር ሳይክሎሄክሲማይድ ጨምሩ። ራይቦዞሙን ኤምአርኤንኤው ላይ ስለሚቸነክረው እውነተኛ ግራኑል አይፈጠርም። ነጠብጣቡ ካልጠፋ ጥፋቱ የማቅለሙ ነው። ፑሮማይሲን ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ራይቦዞሙን ያስወርደዋል፣ ስለዚህ በሱ አትተኩት። የአርሴናይቱን ትራፊ ደግሞ ገንዳ ውስጥ እንዳትደፉ።

ጥ፦ የፕሮቲን ሥራ ሁሉ ከቆመ፣ ኤቲኤፍ4 የሚባለው ፕሮቲን በስትረስ ጊዜ እንዴት ይመረታል?

መ፦ ጥሩ ጥያቄ። የኤቲኤፍ4 ኤምአርኤንኤ ከዋናው መልእክት በፊት ሁለት አጫጭር ንባቦች (ራይቦዞም የሚያነባቸው ክፍሎች) አሉት። በደህናው ጊዜ ራይቦዞሙ የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከዋናው መነሻ ጋር ስለሚደራረብ ኤቲኤፍ4ን አልፎት ይሄዳል። በስትረስ ጊዜ እንደገና ለመጀመር የሚያስፈልገው፣ ኢአይኤፍ2 የሚያቀርበው ስንቅ ስለሚዘገይበት ሁለተኛውን ሳይጀምር ያልፈውና ዋናው ላይ ይደርሳል። አርኤንኤ ብቻ ለክታችሁ ስለ ፕሮቲኑ እንዳትፈርዱ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ጥ፦ ስፕላይሲንግስ (ኢንትሮን የሚባሉትን ክፍሎች ከአርኤንኤው ቆርጦ ማውጣት) ምን ይሆናል?

መ፦ ከባድ ሙቀት ያውከዋል፤ ሴሉን ከሙቀት የሚከላከለው የኤችኤስፒ70 ፕሮቲን ዋና ጂን ግን ኢንትሮን ስለሌለው ያመልጣል።

ጥ፦ ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በአንቲቦዲ ለመለየት) ናሙናውን በውሃ ስናፈላ 95 ዲግሪ አልደርስ አለ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መ፦ ደህና ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 5 ደቂቃ ይበቃል። ይልቅ ሴሉን ስታፈርሱ የፎስፋታዝ (ፎስፌት የሚነቅል ኢንዛይም) መከላከያ ጨምሩ፣ በበረዶም ሥሩ፤ አለዚያ ሴሪን 51 ላይ ያለው ፎስፌት ይረግፍና ስትረስ ያልነካው ሴል ይመስላችኋል።