ፍራንክ ቢመር ዘግይተው ነው የሄዱት?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ትልቁ ልጄ በ2015 ከቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፤ ታናሽ እህቱ አሁን እዚያው ተማሪ ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማዕድ ስንቀርብ ክርክራቸው ስለ ቀድሞው የፉትቦል አሠልጣኝ ስለ ፍራንክ ቢመር ነው። ወንዱ «አራት ዓመት ዘግይተው ሄዱ» ይላል። ሴቷ ደግሞ «እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ቡድናችን ደህና ቀን አላየም» ትላለች። እኔ የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ነው፤ አሠልጣኝ ጥቂት ጨዋታ ከተሸነፈ የሚሰናበትበትን። ለመሆኑ አንድ ሰው እንዴት 29 የውድድር ዘመን በአንድ ቦታ ይቆያል? ከልጆቼስ ልክ የሆነው ማነው?
አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሙግት አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሰሜን ቨርጂኒያና ዩኒቨርሲቲው ባለበት በብላክስበርግ መካከል ተማሪዎችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ለዓመታት ነድቻለሁ፤ ልጆችዎ የሚሉትን ከጀርባዬ ስሰማ ነው የኖርኩት። ለመልሱ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ሁለቱም የረሱት እሱን ነውና። ዓመቶቹን የማነሳው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቢመር ለቨርጂኒያ ቴክ እንግዳ አልነበሩም። ያደጉት በዚያው በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ነው፤ በ1960ዎቹ ለዩኒቨርሲቲው ተጫውተዋል። በ1987 አሠልጣኝ ሆነው ሲመለሱ የተረከቡት ቡድን ቅጣት ላይ ነበር፤ ለተጫዋቾች የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ተቀንሶበታል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጨዋታ አሸንፈው ዘጠኝ ተሸነፉ። በስድስተኛው ዓመት፣ በ1992፣ ሁለት አሸንፈው ስምንት ተሸነፉ፤ በአንዱ አቻ ወጡ። የስድስቱ ዓመት ድምር 24 ድል፣ 40 ሽንፈትና 2 አቻ ነው። ዛሬ ቢሆን ስድስተኛውን ዓመት የሚያሳያቸው ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዴቭ ብሬን ግን አላባረሯቸውም። ዝም ብለውም አላለፏቸውም፤ ቢመር እንዲቆዩ፣ በረዳቶቻቸው ላይ ግን ለውጥ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ቢመር አብረዋቸው የለፉ ሰዎችን ማሰናበት ነበረባቸው፤ አሰናበቱም። በ1993 ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፉ፤ በየዓመቱ መጨረሻ ጥሩ የሠሩ ቡድኖች ወደሚጋበዙበት የቦውል ጨዋታም ሄዱ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ ስንብታቸው ድረስ ለ23 ተከታታይ ዓመታት አልቀሩም። እንግዲህ የ29ኙ ዘመን ምስጢር ይኸው ነው፦ ከበላያቸው የሚታገስም የሚያዝም አለቃ ነበረ።

አጨዋወታቸውን ለእግር ኳስ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂውና ተከላካዩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ኳስ በእግር በሚመታበት ጊዜ ደግሞ «ልዩ ቡድን» የሚባል ሦስተኛ ቡድን ይገባል። ብዙ አሠልጣኞች ይህን ሥራ ለተጠባባቂዎች ይተዋሉ። ቢመር ግን ምርጦቻቸውን ያሰልፉበት ነበር፤ ልምምዱንም ራሳቸው ይመሩ ነበር። ተጋጣሚው ኳሱን ሊመታ እግሩን ሲያነሳ የቨርጂኒያ ቴክ ልጅ በደረቱ ተወርውሮ ይደርስበታል፤ ኳሷ ወደ ኋላ ትነጥራለች፤ አንዱ አፍሶ ይሮጣል። ገንዘብም ዝናም ያልነበረው ዩኒቨርሲቲ ታላላቆቹን የደፈረው በዚህ ነው። በ1999 የውድድር ዘመን፣ ኳስ አቀባዩ ማይክል ቪክ ገና ለጋ ሳለ፣ ሁሉንም አሸንፈው ለብሔራዊ ዋንጫ ደረሱ፤ ኒው ኦርሊንስ ላይ በአሠልጣኝ ቦቢ ባውደን ፍሎሪዳ ስቴት 46 ለ29 ተሸነፉ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። «አራት ዓመት» የሚለውን አልቀበልም። ከአራት ዓመት በፊት ማለት የ2011 ዘመን ማብቂያ ነው። ያን ዓመት ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ ስምንት ተከታታይ ዓመታት አሥርና ከዚያ በላይ ድል ያስመዘገበ አሠልጣኝ ይሂድ የሚል ደጋፊ ያን ጊዜ አልነበረም። ውድቀቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ2014 ከዌክ ፎረስት ጋር መደበኛው ጊዜ ያለ ምንም ነጥብ፣ ዜሮ ለዜሮ ሲያልቅ ቢመር ሁለት እጃቸውን ሽቅብ አንሥተው ሲደሰቱ ካሜራ ያዛቸው። በተጨማሪ ጊዜ 6 ለ3 ተሸነፉ። ያ ፎቶግራፍ አገሩን ሁሉ ዞረ፤ ብዙዎች ሳቁበት፤ እኔ ዛሬም ሳየው ያመኛል።

ስንብታቸውን ያስታወቁት እሑድ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2015 ነው። አውቶቡሴ ከሃሪሰንበርግ አለፍ ብሎ ነዳጅ ማደያ ቆሟል፤ ተማሪዎቹ ቡናቸውን ይዘው እየተመለሱ ነው። የቡድኑን ቆብ ያደረገ አንድ ልጅ ዜናውን ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበ። ከኋላ መቀመጫ አንዱ «ጊዜው ነበር!» አለና ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ፦ በ2012 ሰባት ድል ስድስት ሽንፈት፣ በ2013 ስምንት በአምስት፣ በ2014 እንደገና ሰባት በስድስት፣ ዘንድሮ አራት በአምስት። ባለ ቆቡ መተላለፊያው ላይ እንደቆመ «ባለፈው ዓመት ኦሃዮ ስቴትን በሜዳው 35 ለ21 ያሸነፈ ማነው?» ብሎ መለሰ። ኦሃዮ ስቴት በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ቆጣሪው መልስ አጣ፤ ባለ ቆቡም ሳይቀመጥ ብላክስበርግ ደረስን ማለት ይቻላል።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጥፋቱ ቢመር በመቆየታቸው አይደለም። በ1992 «ቆይ፣ ግን ለውጥ» የሚል ሰው ከበላያቸው ነበረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ስማቸው ከስፖርት ክፍሉ ገዝፎ ነበርና እንዲያ የሚያዛቸው አልተገኘም። በ2013 የማጥቃት ክፍሉን መሪ ቀየሩ፤ የተቀየረው ሰው ግን በሌላ ሥራ እዚያው ቀረ። ታማኝነታቸውን እወድላቸዋለሁ፤ ቡድኑን ግን ጎድቶታል። ልጅዎ ሊከራከር የሚገባው በዚህ ላይ ነው።

ስንብቱ ራሱ ያማረ ነበር። ባውደን በ2009፣ ከ34 ዘመን በኋላ፣ አንድ ዓመት ልጨምር ሲሉ አይሆንም ተብለው በቅሬታ ነው የወጡት። ቢመር ግን በ69 ዓመታቸው፣ ዘመኑ ሳያልቅ፣ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲው ተተኪ ለመፈለግ ጊዜ አገኘ፤ ተጫዋቾቹም ተሰናበቷቸው። የመጨረሻ ጨዋታቸውን ቱልሳን 55 ለ52 አሸንፈው ዘጉ፤ በቨርጂኒያ ቴክ ያስመዘገቡት ድል 238 ደረሰ።

ሴት ልጅዎ ስለ ውጤቱ እውነት አላት። ተተኪያቸው ጀስቲን ፉዌንቴ በ2016 አሥር ጨዋታ አሸንፈው በ2021 ተሰናበቱ። ቀጥለው የመጡት ብሬንት ፕራይ በ2025 ሦስቱን የመክፈቻ ጨዋታዎች ተሸንፈው ሴፕቴምበር ውስጥ ተባረሩ፤ የመጀመሪያውን የተሸነፉት የቢመር ልጅ ሼን ቢመር በሚያሠለጥነው በሳውዝ ካሮላይና ነው። ግን ይህን ሁሉ በመሄዳቸው ላይ አታላክከው። ቢመር ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ ወደ ሰማንያ እየተጠጉ ነበር።

ጥያቄ፦ በየጨዋታው 25 ቁጥር የሚለብሰው ልጅ ለምን ይለያያል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ 25 ቢመር በተጫዋችነት ዘመናቸው የለበሱት ቁጥር ነው። ከ2016 ጀምሮ ለክብራቸው ሲባል በልዩ ቡድኑ ለሚሠራ ተጫዋች በየተራ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ቨርጂኒያ ቴክ ትማራለች። ፔን ስቴት ያባረራቸው ጄምስ ፍራንክሊን አሁን የእኛ አሠልጣኝ ሆነዋል። የተባረረ አሠልጣኝ ለምን በሚሊዮን ይከፈለዋል? ከልጄ የትምህርት ክፍያ ላይ ነው የሚወሰደው?
እናት፣ ከስፕሪንግፊልድ

መልስ፦ እህቴ፣ ውሉ ሳያልቅ የሚያሰናብት ዩኒቨርሲቲ የቀረውን ዓመት ይከፍላል፤ በፍራንክሊን ውል ላይ የቀረው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እንዲህ ያሉ ውሎች ግን ተሰናባቹ ሌላ ሥራ ሲይዝ ዕዳው እንዲቀነስ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቨርጂኒያ ቴክ በኖቬምበር 2025 ሲቀጥራቸው ፔን ስቴትም እፎይ ብሏል። የስንብት ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከለጋሾች፣ ከቴሌቪዥን መብትና ከትኬት ሽያጭ ነው።

ሆኖም ስጋትዎ መሠረት አለው። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ በዚያው መኸር ለስፖርት ክፍሉ በአራት ዓመት 229 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ በጀት አጽድቋል፤ ተማሪዎችም ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለስፖርት የሚከፍሉት አለ። የልጅዎን የክፍያ ዝርዝር ያውጡና የስፖርት ክፍያ የሚለውን መስመር ካምናው ጋር ያስተያዩት። ጨምሮ ካገኙት ለቦርዱ ይጻፉ፤ የወላጅ ደብዳቤ ከደጋፊ ጩኸት ይልቅ ይነበባል።